ሂተሩ ሲጠፋ ቤቱ ለምን ወዲያው ይቀዘቅዛል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው በኪራይ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ናት። የብርድ ወራት ሲመጣ ሌሊቱ አላስተኛ ይለናል። ሂተር ገዛን። ሲበራ ይሞቃል፤ ከጠፋ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ እንደነበረው ይሆናል። የመብራት ክፍያውም ከአቅማችን በላይ ሆነ። እናቴ አብራን ትኖራለች፤ የ7 ወር ሕፃንም አለችን። አንዱ ከሰል አንድዱ ይለናል። ሌላው መስኮቱ ላይ ፕላስቲክ ለጥፉ፣ ሌላው ደግሞ ፎይል ይሻላል ይላል። ብዙ ገንዘብ የለንም። ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦ ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ስለ ከሰሉ ልናገር። እባካችሁ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለፈለት በኋላ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭሱ ሲጠፋ አደጋውም የጠፋ ይመስለናል። የሚገድለው ግን የምናየው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም። አይሸትም። ዓይን አያቃጥልም። ቀልቶ ያማረ ፍም ይህንን ጋዝ ያለማቋረጥ ይለቃል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ግን ይህ ምልክት ሳይሰማው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ከዚህ በታች ክፍተቶቻችሁን ድፈኑ ብዬ እመክራችኋለሁ። ተደፍኖ ከሰል የሚነድበት ቤት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። እስካሁን አንድዳችሁ ከሆነና አንዳችሁን ራስ ምታት ከያዘው፣ በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፤ ከዚያም ወደ ሕክምና ሂዱ።

አሁን ወደ ሂተሩ። ሂተራችሁ አልተበላሸም፤ ሌላ የተሻለ መግዛትም አያስፈልጋችሁም። ውስጡ ዘይት ያለው፣ ነፋስ የሚነፋው፣ ሽቦው የሚቀላው፣ ሁሉም ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ሙቀት እኩል ነው። ውዱም ርካሹም። ልዩነታቸው ሙቀቱን እንዴት እንደሚያሰራጩት ነው። (ሙቀት ከውጭ አየር ስቦ የሚያስገባው ዓይነት ማሽን ብቻ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ግን ለዛሬው አቅማችሁ አይሆንም።)

ታዲያ ሙቀቱ የት ይሄዳል? አንድ ክፍል እናስብ። 4 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር። ውስጡ 40 ሜትር ኩብ አየር አለ፤ ክብደቱ ወደ 48 ኪሎ ግራም ነው። ይህን አየር በ10 ዲግሪ ለማሞቅ፣ ሙቀቱ ሌላ ቦታ ካልሄደበት፣ ባለ 2000 ዋት ሂተር 4 ደቂቃ ይበቃዋል። አየር ለመሞቅ ቀላል ነው ማለት ነው። ለመቀዝቀዝም እንደዚያው። ግድግዳውና ወለሉ ግን በቶን ይመዝናሉ፤ እነሱን ለማሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሂተሩ የሚያሞቅላችሁ አየሩን ነው። ግድግዳው እንደቀዘቀዘ አለ። ሂተሩ ሲጠፋ ሙቁ አየር ገሚሱ በክፍተት ሾልኮ ይወጣል፤ የቀረው ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ግድግዳና መስታወት ያስረክባል። ግማሽ ሰዓት የምትሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ሙቀት በመግዛት ላይ አታውጡ። መጀመሪያ ያላችሁን ሙቀት አቆዩ። ሙቀት ደግሞ አላችሁ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ አዋቂ ሰው ብቻ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ሦስት አዋቂዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ትንሽ ሂተር በነፃ በራ ማለት ነው።

ከነፋሱ ጀምሩ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘቡኝ፤ በትንሽ ወጪ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

2 ሜትር ቁመት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍተት አለው እንበል። 3 ሚሊ ሜትር ዓይን አይሞላም። ዙሪያውን ስትሰበስቡት ግን 13 በ13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይወጣዋል። ግድግዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ብታገኙ ሳትደፍኑት አታድሩም ነበር። በሩ ላይ ግን ቀጭን ሆኖ ስለተዘረጋ ዓመታት እናልፈዋለን።

ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በኮርኒሱ ጥግ፣ በመስኮቱ አናት፣ የአምፖሉ ገመድ በሚገባበት ቀዳዳ ይሾልካል። የወጣውን ያህል ደግሞ ከታች በበሩ ሥር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ብርዱ ከእግራችን የሚጀምረው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚሰማውን ብቻ፣ ማለትም የበሩን ሥር ብቻ ይደፍናል። ላይኛው ክፍት እስከሆነ ድረስ ግን ቤቱ መሳቡን አይተውም፤ በሌላ በኩል ያስገባል። ላይም ታችም መደፈን አለበት።

ክፍተቱን ለማግኘት ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ማታ መብራቱን አጥፉ። አንዳችሁ ውጭ ሆናችሁ የስልክ መብራት በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ውስጥ ያለው ሰው ብርሃን ያየበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት። ነፋስ ባለበት ምሽት ደግሞ ሰንደል ለኩሳችሁ ጠርዙን ተከተሉ፤ ከመጋረጃው ብቻ አርቁት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ በድንገት ካጋደለ፣ እዚያ ቀዳዳ አለ። የእጃችሁን ጀርባ በውኃ አርጥባችሁ ብታስጠጉትም ይሰማችኋል። መስኮቱ በደንብ መግጠሙን ለማወቅ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉት። ወረቀቱ ሳይያዝ እንዲሁ ከተሳበ፣ አየሩም እንዲሁ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ለምክር የጠሩኝ ሰዎች ቤት ሦስት ሂተር አገኘሁ። ሁሉም በርቷል። ቤቱ ግን ይበርዳል። ሳሎኑ ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት፣ ሶፋ የዞረበት ሁለተኛ በር ነበር። ሶፋውን ስናነሳው በበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘን። ልጆቹ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚያዩት እዚያ ሶፋ ላይ ነበር። ያንን በር በአሮጌ ብርድ ልብስና በፕላስተር ዙሪያውን ዘጋነው። በማግስቱ ሁለቱን ሂተር አጠፉ። እናንተም የማትከፍቱት በር ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ። መውጫችሁ አንድ ብቻ እንዳይሆን ግን አስቡበት፤ ለእሳት አደጋ ጊዜ ማምለጫ የሚሆነውን በር በቀላሉ በሚነሳ ነገር ዝጉት እንጂ አታሽጉት።

ለበሩ ሥር ያረጀ ሱሪ እግሩን ቁረጡና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ሁለቱንም ጫፍ ስፉት። ከበሩ ስፋት ትንሽ ይርዘም። ለበሩና ለመስኮቱ ጠርዝ ባለ ማጣበቂያ ቀጭን ስፖንጅ ይገኛል፤ ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን ጠርጋችሁ አድርቁት፣ አለዚያ በሳምንቱ ይረግፋል። በጣም ወፍራም ከሆነ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ክፍተቱን ለክታችሁ ግዙ። በማይንቀሳቀስ ቦታ፣ ለምሳሌ በመስኮቱ ክፈፍና በግድግዳው መካከል ላለው ስንጥቅ፣ ሲሊኮን ወይም ስቱኮ ጥሩ ነው። የኪራይ ቤት ስለሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። ካልተፈቀደላችሁ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ብርዱ ሲያልፍ ታነሱታላችሁ። የቁልፍ ቀዳዳውንም አትርሱት።

በቁጥር ላሳያችሁ። ውስጡ 18፣ ውጭው 6 ዲግሪ ቢሆን፣ የዚያ ክፍል አየር በሰዓት አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ አየር ሲተካ 160 ዋት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ክፍተት የበዛበት ቤት ውስጥ አየሩ በሰዓት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሊተካ ይችላል። ያ 320 ዋት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጋዝ፣ እንጨት ወይም ሌላ ነዳጅ የሚነድበት ክፍል ካላችሁ፣ ለአየር ተብሎ የተሠራውን መተንፈሻ በፍጹም አትድፈኑ። የማብሰያ ቤቱና የመታጠቢያ ቤቱ መተንፈሻ ይቆይ። ይልቅ በእነሱና በመኝታው መካከል ያለውን በር ዝጉት።

ወደ መስኮቱ እንምጣ። ፕላስቲክ ለጥፉ ያሏችሁ ሰው ልክ ነው። ሙቀትን የሚይዘው ግን ፕላስቲኩ አይደለም። በፕላስቲኩና በመስታወቱ መካከል የሚታሰረው፣ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። መስታወት ከቆመ አየር ወደ 40 ጊዜ የሚጠጋ የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ ፕላስቲኩን መስታወቱ ላይ አትለጥፉት። ክፈፉ ላይ ወጥራችሁ ለጥፉት፤ በመካከላቸው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ይኑር። አራቱም ጎን መታሸግ አለበት፤ አንዱ ጎን ክፍት ከሆነ አየሩ መዞር ይጀምርና ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል። 1.8 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ አንድ መስታወት መስኮት ቅድም ባልኩት ብርድ 120 ዋት ገደማ ያስወጣል። ፕላስቲኩ ይህን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ዕቃ የሚጠቀለልበት፣ አረፋ አረፋ ያለው ፕላስቲክ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ መስታወቱ ላይ ቢለጠፍም ይሠራል፤ አየሩ አረፋው ውስጥ ታስሯልና። በየክፍሉ የሚከፈት አንድ መስኮት ግን ተዉ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

መጋረጃችሁ ወፍራም ቢሆንም አሰቃቀሉ ካልተስተካከለ ብርድ ያመርታል። መስታወቱ አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ በመጋረጃው ሥር ወደ ክፍሉ ይወርዳል። በምትኩ ከላይ ሙቁ አየር በመጋረጃው አናት ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚህ ይዞራል። መጋረጃው ወለል ይንካ፣ ጎኑም ግድግዳውን ይጠጋ። በዘንጉና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወይም በካርቶን ሸፍኑት። ቀን ቀን ፀሐይ የሚመታውን መስኮት መጋረጃውን ክፈቱለት፤ የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ወለሉን ያሞቃል። ከወለሉ ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ደግሞ መስታወቱ እንደ ብርሃኑ በቀላሉ አያሳልፈውም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ላይ እንደዞረች መጋረጃውን ዝጉ። ጨለማ እስኪሆን አትጠብቁ።

ስለ ፎይል አጭር ነው መልሴ። ፎይል ሙቀትን የሚመልሰው ፊት እንደምናይበት መስታወት አንጸባርቆ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ፊቱ አየር ማየት አለበት። ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቁም ሣጥን ማስጠጋት ጥቅም የለውም። ለኤሌክትሪክ ሂተር ደግሞ አጠገቡም አታድርሱት፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሂተሩን ከውጭው ግድግዳ ማራቅ የበለጠ ይጠቅማችኋል። ሻማ ለኩሶ የሸክላ ዕቃ መድፋት የሚባለውንም ተዉት። አንድ ሻማ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ሰው ከሚሰጠው ያነሰ ነው፤ ሸክላው የሚጨምረው የለም። የሚጨምረው የእሳት አደጋውን ነው።

ስለ ጣሪያው አልነገራችሁኝም። ኮርኒስ አለው? ከሌለውና ከላይ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ፣ እስካሁን ካልኩት ሁሉ ጣሪያው ይቀድማል። 16 ካሬ ሜትር ባዶ ቆርቆሮ በዚያው ብርድ ከ1000 ዋት በላይ ያስወጣል። ሰማዩ የጠራ ሌሊት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚረጭ ከውጭው አየር ራሱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ሙሉ ሆኖ የተወጠረ ኮርኒስ፣ ስስም ቢሆን፣ ግማሹን ያህል ሊያስቀርላችሁ ይችላል። ባለቤቱን ለመጠየቅ የሚያዋጣው ይህንን ነው። ጨርቅ ራሳችሁ የምትወጥሩ ከሆነ ከአምፖልና ከገመድ አርቁት።

ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ከሥሩ ካርቶን ብታደርጉ ደግሞ የተሻለ ነው። ካርቶኑን አልፎ አልፎ አንሱና እርጥበት እንዳልያዘ እዩ።

ክፍሉ ሲሞቅም ግን ብርድ የሚሰማን ጊዜ አለ። ሰውነታችን ለቀዝቃዛ ግድግዳ ሳይነካው ጭምር ሙቀት ይሰጣል። እናትሽ ወይም እናትህ ወንበራቸው መስኮት ሥር ከሆነ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሩላቸው። አልጋውንም እንደዚያው። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ልዩነቱ ይታወቃችኋል።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ክፍሉን ሁሉ ከማሞቅ አልጋውን ማሞቅ ይሻላል። ሰው ብርድ ልብስ ሲደርብ ከላይ ብቻ ነው የሚያስበው። ፍራሹ ግን በክብደታችን ይጨመቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ ብርዱ ከሥር ይመጣል። ካላችሁ ብርድ ልብስ አንዱን ከሥር አድርጉት። ልብስም ቢሆን አንድ ወፍራም ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ መደራረብ ይበልጣል፤ በመካከላቸው አየር ይታሰራል። እግር ደረቅ ካልሲ ይፈልጋል። ውኃ የሚያዝበት የጎማ ከረጢት ካላችሁ በ2 ሊትር ሙቅ ውኃ ሙሉትና ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አልጋው ውስጥ አድርጉት። ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት ባለ 2000 ዋት ሂተር በ2 ደቂቃ የሚሰጠውን ያህል ነው። ሂተሩ የ2 ደቂቃውን ሙቀት ለክፍሉ በትኖ ያጠፋዋል። ከረጢቱ ያንኑ ሙቀት ለሰዓታት እግራችሁ ሥር ያቆየዋል። የፈላ ውኃ አታድርጉበት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በፎጣ ጠቅልሉት። የእናታችሁ ቆዳ ሲቃጠል ቶሎ ላይሰማቸው ስለሚችል ሲተኙ ብታወጡት ይመረጣል።

ለሕፃኗ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ሙቅ ውኃ አጠገቧ አታድርጉ። ልቅ ብርድ ልብስና ትራስም አልጋዋ ውስጥ አይግባ፤ ፊቷ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሰውነቷ ላይ የሚገጥም፣ እንደ ከረጢት የሚለበስ የመኝታ ልብስ አልብሷት፤ ከሥሩም ስስ ልብስ ደርቡላት። ስትተኛ ኮፍያ አያስፈልጋትም። እጇ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ፤ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። አንገቷን ከኋላ ወይም ደረቷን ዳስሱ። ላብ ካላት በዝቷል ማለት ነው። ከመጠን በላይ መሞቅም ለሕፃን አደጋ ነው።

ሂተሩን ሙሉ በሙሉ ጣሉት አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመክራል። ሕፃንና አረጋዊ ባሉበት ቤት ይህን ዝቅ አታድርጉት። ሁላችሁም ማታ በአንድ ክፍል ተሰብሰቡ፣ የሌላውን ክፍል በር ዝጉ፣ ሂተሩን እዚያ ብቻ አብሩት። ከመጋረጃና ከአልጋ 1 ሜትር ይራቅ። ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት፤ በቀጭን ማራዘሚያ ላይ ከሰካችሁት ገመዱ ይግላል። ልብስ አታስጡበት።

አሁን መስኮት ተዉ ወዳልኳችሁ ነገር። ቤቱን ስትደፍኑት እርጥበቱም አብሮ ይታሰራል። እንተነፍሳለን፣ እናበስላለን፣ ልብስ እናሰጣለን። 20 ዲግሪ የሆነ አየር በሜትር ኩብ እስከ 17 ግራም ያህል የውኃ ተን መያዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። የተረፈው የት ይሄዳል? ቀዝቃዛው መስታወትና የግድግዳው ጥግ ላይ ውኃ ይሆናል። ከዚያ ሻጋታ ይመጣል፤ ሻጋታ ደግሞ ለሕፃን ሳንባ ጥሩ አይደለም። ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ለ5 ደቂቃ ክፈቱት፣ ከዚያ ዝጉት። ያ ጊዜ የሚያስወጣው አየሩን ብቻ ነው፤ ግድግዳውና ዕቃው ሙቀታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግን ግድግዳውን ሳይቀር ያቀዘቅዘዋል። ጠዋት መስታወቱ ወርዝቶ ካገኛችሁት በጨርቅ ጥረጉት። ቁም ሣጥኑንም ከውጭው ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ ከጀርባው አየር ይለፍ።

አንድ ርካሽ የግድግዳ ቴርሞሜትር ግን ብትገዙ ደስ ይለኛል። አልጋው ከፍታ ላይ ስቀሉት። ሂተሩን ስታጠፉ ስንት እንደሆነ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ስንት እንደሆነ፣ ጠዋት ስንት እንደሆነ ለ3 ቀን ጻፉ። ከዚያ የበሩንና የመስኮቱን ሥራ ሥሩና እንደገና ለ3 ቀን ጻፉ። ቁጥሮቹን፣ የመስኮቶቹን ስፋትና የጣሪያውን ዓይነት ጨምራችሁ ላኩልኝ። ቀጥሎ ገንዘባችሁን የት ማዋል እንዳለባችሁ ከዚያ ተነስቼ እነግራችኋለሁ።